ዋሾ ሰፈርን ያቀኑት መምሬ

ስልኩ ሲጮህ መካነ ኢየሱስ፣ ቢሮዬ ገና መግባቴ ነበር። የደወለችው ወርቅነሽ ናት። ወርቅነሽ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ስትደነግጥ ድምፅዋ ይቀጥናል። «መምሬ ስንሻው አረፉ» አለችኝ። «በእንቅልፋቸው ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ትደርሻለሽ?»

ላለቅስ ስል ሳቄ መጣ። ይቅር ይበለኝ፤ እሳቸውን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ አንዱን ቦት ጫማቸውን ጭቃ ውጦባቸው በካልሲ የቆሙበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን የበለጠ ድፍረት በሰው ላይ አላየሁም። ወርቅነሽም ገባት መሰለኝ፣ እያለቀሰች ሳቀች። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። መንገዱም ክፍት ነበር፣ ተመስገን። የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ እስኪሞላ፣ ከዚያም እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ ሳወጣ ሳወርድ የነበረው የእሳቸውን ነገር ነው።

መምሬ ስንሻው አጭር፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ካህን ነበሩ። በጋቢያቸው ሥር በክረምትም በበጋም ጥቁር የጎማ ቦት ጫማ አይጠፋም። ሙገሳ አይወዱም፤ ማሞገስም አይሆንላቸውም። ሻይ ሲጋበዙ ወሬ ይዘው ያቀዘቅዙትና «በረደ» ብለው ቅር ይላቸዋል። አንድ ልማድም ነበራቸው። በቆሙበት ሁሉ የመቋሚያቸውን ጫፍ ተጭነው መሬት ውስጥ ይሰኩና ነቅለው ጫፉን ያዩታል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያደርጉታል፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያደርጉታል፣ የማዘጋጃ ቤቱን ግቢ ሳይቀር ወጋግተውታል። ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «እስኪ መሬቱን እንጠይቀው ብዬ ነው» ይሉኛል። መሬት ሲጠየቅ የሚመልስ ይመስል!

እኔን «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። ኢንጂነር አይደለሁም። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ከስማዳ መጥቼ ንፋስ መውጫ የተመደብኩ የመሬት ልኬት ባለሙያ ነበርኩ። «ይህቺ ኢንጂነር መሬታችንን ከሰማይ ሆና ታየዋለች፣ እኛ ምስኪኖቹ በእግራችን» ይላሉ ሰው በተሰበሰበበት። ያናድደኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ይስቃል።

የተገናኘነው በቤት ጉዳይ ነው። ከከተማው ዳር ያለው ሰፊ ሜዳ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ተመረጠ። በማኅበር የተደራጁት መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ መሬታቸውን የሚለቁት ገበሬዎች ሳይቀሩ ቦታ የሚያገኙት እዚያው ነበር። ልኬቱን ያወጣሁት በመጋቢት ነው። ጥቁሩ ዋልካ መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በደንቡ መሠረት ለእያንዳንዱ ባለይዞታ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል ወይ? እጠይቃለሁ፣ መልሱን እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ።

ጥፋቴ ለየብቻ አለመጠየቄ ነው። አርባ ገበሬ ከብቦ በሚሰማበት መሀል ሰውን «የአባትህ መሬት ውሃ ይተኛበታል?» ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ሆኜ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ቅጹን እንጂ ሰዎቹን አላየሁም።

መጀመሪያ የተጠየቀው አያ ታደሰ ነበር። አያ ታደሰ ግዙፍ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሽበት ወሮትም «አንቱ አትበይኝ፣ ገና ጎረምሳ ነኝ» የሚል ሰው ነው።

«የኔ አባት መሬት?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ውሃ? ልጄ፣ እንኳን ውሃ ጤዛም አያድርበት!»

ቀጣዩ ከእሱ እንዴት ይነስ? የእሱ ማሳ በሐምሌ አቧራ እንደሚያስነሳ ነገረኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሜዳው ሁሉ በረሃ ሆነ፤ ያውም በዐቢይ ጾም። ደግሞ ውሃ ገብ ተብሎ የተመዘገበ መሬት ምትኩ ከሩቅ ጥግ ይሰጣል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። መጨረሻ ላይ የቀሩት መምሬ ስንሻው ናቸው። ከአባታቸው የወረሷት አንዲት ጠባብ ማሳ ነበረቻቸው። ስጠይቃቸው መቋሚያቸውን ተጫኑት፤ መሬቱ ደርቆ አልገባም አለ። ዙሪያቸውን ቃኙ። የከበቧቸው ሁሉ የንስሐ ልጆቻቸው ናቸው።

«አይተኛበትም» አሉ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አዙረው።

ፈረሙ። እኔም «ደረቅ፣ ለግንባታ ተስማሚ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ያህል ሰው በአንድ ቃል ሲስማማ አይቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ዕጣ ወጣ። ወርቅነሽ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር የኖረች ናት። ዕጣው ሲደርሳት መሬቱን ተንበርክካ ሳመችው። በሳምንቱ መሠረት አስቆፈረች። የግንቦት መጨረሻ ዝናብ ሲወርድ ጉድጓዱ ሞላ፣ ድንጋዩ ሰመጠ። የጎረቤቷ አጥር በአንድ ጎኑ ተኛ። ነዋሪው ተጠራርቶ ማዘጋጃ ቤት መጣ። «ቤት መሥሪያ ነው የሰጣችሁን ኩሬ?» እያሉ ይጮኻሉ። ገና ክረምቱ አልገባም፤ ሐምሌ አለ፣ ነሐሴ አለ። ወርቅነሽ ግን አልጮኸችም። እጇን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፋ «ሌላ የምሄድበት የለኝም» አለችኝ። ከጮኹት ሁሉ የእሷ ነው የከበደኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ፋይሉን አውጥቶ ፊርማዎቹን አሳየን። «ፕላኑ እንዲሻሻል፣ ቦይ እንዲገባበት፣ መሀል ያሉት ሁለት ረድፎች ወደ ዳገቱ እንዲዛወሩ መረጃው ስሕተት ነው የሚል ቃለ ጉባኤ ያስፈልገኛል» አለ። «መሬቱን የሚያውቁት ባለይዞታዎቹ ናቸው። እነሱ ደረቅ ነው ብለው ፈርመዋል። ቃላቸውን ያስተካክሉና በማግስቱ ለበላይ እጽፋለሁ።»

ገበሬዎቹን እየዞርኩ ለመንኩ። አያ ታደሰ «የዘንድሮው ዝናብ ነው እንጂ ልማዱ አይደለም» አለኝ። ሌላው ውሃውን ያመጣው ከላይ የተሠራው መንገድ ነው አለ። ዋሽቻለሁ ማለት፣ ያውም ፈርሜ፣ ያውም ስለ አባቴ መሬት፣ ማን ይጀምረዋል?

በዚያው ሰሞን መምሬ ስንሻው ጃንጥላቸውን እያንጠባጠቡ ቢሮዬ ገቡ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ እንደ ልማዳቸው አቀዘቀዙት።

«ኢንጂነር፣ የነዚያ ገበሬዎች የነፍስ አባት ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። አልነግርሽም። ብታሳስሪኝም አልነግርሽም።» ሻዩን ቀመስ አደረጉ። «በረደ። የራሴን እንዳልናገር ግን ማን ይከለክለኛል? ስብሰባውን ሜዳው ላይ ጥሩልኝ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

ያኔ አልገባኝም። ኋላ ገበሬዎቹ ራሳቸው እየሳቁ እንዳጫወቱኝ፣ ከፋሲካ በፊት አንዱ ከሌላው እየተደበቀ ወደ መምሬ ሄዶ «በመሬቴ ነገር ዋሽቻለሁ» እያለ ንስሐ ገብቶ ኖሯል። እያንዳንዱ ዋሾው እሱ ብቻ እየመሰለው! የሁሉንም የሚያውቁት አንድ ሰው፣ እሳቸውም አፋቸው የታሰረ። እኔ ብሆን ፈንድቼ እሞት ነበር።

እሑድ ሰው ሜዳውን ሞላው። ሲነጋጋ ዘንቦ ነበር። ነዋሪው በአንድ ወገን፣ ገበሬው በሌላ ወገን፣ እኔና ሥራ አስኪያጁ መሀል ቆምን። «ቃሉን የሚያስተካክል አለ?» ብሎ ጠየቀ ሥራ አስኪያጁ። አያ ታደሰ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

መምሬ ወደ ራሳቸው ማሳ ገቡና መቋሚያቸውን ተጫኑት። እስከ ግማሹ ሰመጠ። ሊነቅሉት ታገሉ፤ መቋሚያው አልወጣም፣ ቀኝ እግራቸው ግን ከቦት ጫማው ወጣ። ጫማውን ጭቃው አስቀረው። ሰው ሊስቅ ፈልጎ አፈረ። እሳቸው እንደዚያው በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ቆመው የእጅ መስቀላቸውን አወጡ።

«ጻፊ ኢንጂነር» አሉ። «እኔ ቄስ ስንሻው በመጋቢት፣ በጾም፣ በነዚህ ሰዎች ፊት ዋሽቻለሁ። ይህን መስቀል በምይዝበት እጄ ፈርሜያለሁ። ይህ መሬት ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃ ይተኛበታል። አባቴ ሣር አጭደውበታል እንጂ በክረምት ዘር ጥለውበት አያውቁም። ያን ለት ያፈርኩት በአባቴ መሬት ነበር፤ ዛሬ የማፍረው በራሴ ነው። እዚህ የሚሠራ ቤት ቢወድቅ የጣለው የኔ ቃል ነው። ጻፊው።»

ቃል በቃል ጻፍኩ። ካህን በንስሐ ልጆቹ ፊት እንዲህ ሲል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። መምሬ ተናግረው ሲጨርሱ ማንንም አላዩም። ዓይናቸው ማንም ላይ እንዳያርፍ አውቀው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መጎተት ጀመሩ። ጫማው አልመጣም።

አያ ታደሰ አላስቻለውም። «ይተዉት፣ እኔ ላውጣልዎ» ብሎ አቋርጦ መጣ። ያቋረጠው በራሱ መሬት ነው። በሦስተኛው እርምጃ እስከ ባቱ ገባ። አንዱን እግሩን ሲያወጣ ሌላው ሰመጠ። እዚያው እንደተተከለ ዞሮ ሰዉን አየ፤ ሰዉም አየው።

«እሺ!» ብሎ ጮኸ። «ዋሽቻለሁ! ጤዛ አያድርበትም ያልኩት እኔ ነኝ! አባቴን ነፍሱን ይማረውና፣ እዚች ላይ በሬ ሰጥሞበት በገመድ ነው ያወጣነው! ይጻፍ!»

ሳቁ ከዚህ ጀመረ። ከሳቁ ቀጥሎ የመጣውን ግን ማንም አልጠበቀም።

«በሬ አልክ?» አለ ጎረቤቱ። «እኛ ጋ በሐምሌ ዳክዬ ይዋኛል!»

«የኛውስ? አጎቴ የእንቁራሪት ጩኸት መኖሪያ ነስቶት አይደል ጎጆውን ነቅሎ ዳገት የወጣው!»

በመጋቢት በድርቀት የተፎካከሩ ሰዎች በሰኔ በውሃ ተፎካከሩ። የእኔ መሬት ከአንተ ይብሳል እያሉ እየተጋፉ አስመዘገቡ። እስክሪብቶዬ አልቆብኝ የሥራ አስኪያጁን ተቀበልኩ። አርባውም ቃላቸውን አስተካከሉ። ወርቅነሽ እልልታውን አቀለጠችው፣ የማኅበሩ ሴቶች ተቀበሏት። እኔ ደግሞ «ደረቅ» ብዬ የጻፍኩትን በገዛ እጄ ሰረዝኩ፣ ደስም አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ እንዳለው ጻፈ። ሁለቱ ረድፎች ወደ ዳገቱ ተዛወሩ፣ ለቦዩም መስመር ተፈቀደ። የሚቆፍረው ማሽን ግን ከመስከረም በፊት አይደርስም ተባለ። ይህን ሲሰሙ መምሬ የንስሐ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ውሸቱ በአደባባይ ስለ ተነገረ ቀኖናውንም በአደባባይ ሰጡ። ሁሉም ስግደት ነበር የጠበቀው።

«ስግደቱን ሌላ ጊዜ አዛችኋለሁ፤ የሚያሰግድ ነገር አታጡም» አሉ። «ለዚህኛው ሃያ ሃያ ክንድ ቦይ ትቆፍራላችሁ። እኔ አርባ።»

«ለምን አርባ መምሬ?»

«መስቀል ይዣለሁና።»

የቦዩን መስመር በማውጣት ተጣላን። እኔ በመለኪያዬ መንገዱን ተከትዬ ቀጥ አድርጌ አወጣሁት። እሳቸው ገበሬ በማሳው ላይ ፈሰስ እንደሚያወጣው ጋደል አድርገው፣ መሀሉን አጥፈው አወጡት። ጮኽኩባቸው። «እስኪ መሬቱን እንጠይቀው» አሉና አንድ ጀሪካን ውሃ አስመጥተው ከላይ አፈሰሱት። ውሃው እያዘገመ በእሳቸው መታጠፊያ ዞረ። ከታች፣ ቦዩ በሚያልቅበት ገደል አጠገብ ግን የኔ መለኪያ ትክክል ሆነ። «እዚህ ላይ ኢንጂነሯ በልጣናለች» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከአፋቸው የወጣ ሙገሳ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ቦዩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሰኔ ሚካኤል ሆነ። በዓል ነው፣ መሬት አይቆፈርም። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። መምሬ ቀድሰው ወጡና አካፋቸውን አነሡ። «ሥራ ነው የምትል ቤትህ ተቀመጥ። እኔ ቀኖናዬን ልፈጽም ነው» ብለው ብቻቸውን ሄዱ። መጀመሪያ የተከተላቸው አያ ታደሰ ነው። ቀትር ላይ የቀረ አልነበረም፤ ነርሶቹ መጡ፣ መምህራኑ መጡ፣ ያልዋሸው ሁሉ ከዋሸው ጋር ቆፈረ። አንዳንድ ካህናት ይህን እስከ ዛሬ አልወደዱላቸውም። እሳቸውም ውደዱልኝ አላሉም።

በሐምሌ ሰማይ የተቀደደ የመሰለበት ቀን መጣ። ወርቅነሽ መሠረቷን እንደገና አስቆፍራ ድንጋዩን አስደርድራለች። ከአጠገቡ ሸራ ወጥረን ቆመን ቦዩን እናያለን። ውሃው ከላይ አፈር አፈሩን ይዞ መጣ። እኔ የተጣላሁበት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አረፋ ደፈቀ፣ እስከ ከንፈሩ ሞላ። ወርቅነሽ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች። ከዚያ ታጠፈና ሄደ። አንድ ጭልፋ እንኳን ወደ ቤቶቹ አልፈሰሰም።

መምሬ ንፋስ የገለበጠባቸውን ጃንጥላ ይዘው፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ከውሃው ጎን ለጎን ተራመዱ። እኛም ተከተልን። ገደሉ አፋፍ ላይ ውሃው ሲወረወር ቆመው አዩት። «በል ሂድ፣ በሰላም ግባ» አሉት። ያን ጊዜ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አያ ታደሰ ፎከረ፣ እኔ ሮጬ አቀፍኳቸው። «ኢንጂነር፣ አራስሽኝ እኮ» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም፤ ባለቤቴ ያውቀዋል።

ዛሬ ሰፈሩ በወረቀት ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። ባጃጆቹ የሚጣሩት ግን «ዋሾ ሰፈር! ዋሾ ሰፈር!» እያሉ ነው። ነዋሪውን ስሙ ይቀየርላችሁ ቢሉት ይቆጣል። ቦዩ በኋላ በማሽን ሰፍቶ በድንጋይ ተገንብቷል፤ መስመሩ ግን ያው ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ ሁሉም አካፋውን ይዞ ወጥቶ ይጠርገዋል፣ ወዴት ትሄዳለህ ሲባልም «ቀኖናዬን ልፈጽም» ይላል። እኔም ወደ መካነ ኢየሱስ ከተዛወርኩ ወዲህ ገበሬ የምጠይቀው ለብቻው ነው። ከመለኪያዬም ጋር ዘንግ እይዛለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ንፋስ መውጫ የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ጠዋቱን ሲዘንብ ነው ያረፈደው። የመምሬ ቤት እዚያው ዋሾ ሰፈር ነው። አስከሬናቸው ሲወጣ ካህናቱ በዜማ ቀደሙ፣ ከበሮው ተመታ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተከተለ። ወርቅነሽ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ አጠገቤ ትሄዳለች፤ ልጆቹ ቁመታቸው በልጧታል። አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ጫማዬን አየሁት። በሐምሌ፣ በዚያ ሜዳ መሀል፣ ደረቅ ነበር።

ፍትሐት ለማድረስ ከቦዩ ድልድይ ላይ ቆምን። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው አያ ታደሰ ነው። ወደ ታች ሲያይ አንድ ጓል አፈር ከነሣሩ ተንዶ ቦዩ ውስጥ ወድቋል፤ ውሃው ከበስተኋላው መቆም ጀምሯል። ቃሬዛውን ለጎኑ ሰው አቀበለና በቀብር ልብሱ ወረደ። ጓሉን በእጁ ጎትቶ ጣለው። ውሃው ሄደ። እጁን በጋቢው ጠርጎ ወጣና ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር መለሰ። ማንም አልተገረመም፣ ካህናቱም ዜማቸውን አላቋረጡም።

ፍትሐቱ ሲያበቃ አያ ታደሰ መራመድ ከመጀመሩ በፊት ቀና ብሎ፣ ለእኛ ሳይሆን ለእሳቸው ተናገረ።

«በሉ ይሂዱ መምሬ» አለ። «በሰላም ይግቡ።»

ወርቅነሽ እልል አለች። ዝም በይ ያላት አልነበረም፤ እኔም ተቀበልኳት።